በረዶ ቤቱ አጠገብ

የኪሪኮን ድምፅ የሰማሁት ከማላውቃት ልጅ ስልክ ውስጥ ነው። የጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ነበር። ከትልቁ ገበያ ኮኮነት፣ ዘቢብና ቀረፋ ገዝቼ በጋራ ታክሲ ወደ ሰፈሬ ወደ ቪያ ሁዋና እየተመለስኩ ነው። ከኋላ አራት ሆነን ተጣበናል፤ ከፊት ደግሞ ከሾፌሩ ሌላ ሁለት ሰው አለ። የኮኮነቱ ከረጢት ጭኔ ላይ ሆኖ ጉልበቴን እየቆረጠኝ ነበር። አጠገቤ ያለችው ጥፍሯን እንደ ማንኪያ ያስረዘመች ልጅ ስልኳን በአውራ ጣቷ ወደ ላይ ወደ ላይ እየገፋች ስታይ ድንገት ያ ድምፅ ወጣ። «እናንተ ሴቶች፣ ድስታችሁን ይዛችሁ ውጡ። ቲላ ቦሎቄዋን አወጣች። ትኩስ ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ ዘቢብ አለው። ያማረው ይምጣ፣ የተጣላም ይምጣ።» ቲላ እኔ ነኝ። ድምፁ ደግሞ የኪሪኮ ነው፤ ሞንታርቦ በተጫነባት ፒክአፕ ሠላሳ ዓመት ያህል ሰፈር ለሰፈር እየዞረ የእኔን በኮኮነት ወተት ተፈጭቶ የሚጠጣ ጣፋጭ ቦሎቄ፣ የሌላውን ፍራሽ፣ የጠፋ ልጅና የሞተ ሰው ሲያስታውቅ የኖረው ኪሪኮ። ባለፈው ጥቅምት ሐኪሞች ጉሮሮውን ከፍተው ክፉውን በሽታ ሲያወጡለት ድምፁንም አብረው አወጡት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም።

ልጅቷ ሳቀችና መልሳ አስጮኸችው። ሾፌሩ መስታወቱን ወደሷ አዙሮ እስቲ ድገሚው አላት፤ ደገመችው። ጥግ ላይ ያለው ሰውዬ «የተጣላም ይምጣ» የምትለዋን ይዞ በአፍንጫው እየዘፈነ ያሾፍ ጀመር። አማቴን ልጥራት መሰለኝ አለ፣ ሌሎቹም ሳቁ። ከፊት የተቀመጠው ሸሚዙን ጥሩ አድርጎ የተኮሰ ጎልማሳ ግን አልሳቀም። ሳይዞር፣ የሚያውቅ ሰው በሚናገርበት አነጋገር፣ ይሄ እኮ ሰው አይደለም አለ። አሁን እንዲህ ያለውን በኮምፒውተር ነው የሚሠሩት፤ የሽማግሌ ድምፅ ስጠኝ ስትለው ይሰጥሃል አለ።

«ሰው ነው» አልኩት።

«እናቴ፣ እመኚኝ። እንጀራዬ ነው።»

«ሰው ነው አልኩህ። ቪያ ሁዋና፣ በረዶ ቤቱ አጠገብ ነው ቤቱ። እኔ አበልጁ ነኝ።»

ታክሲው በሳቅ ተናወጠ። ሾፌሩ፣ የኮምፒውተር አበልጅ ገና ዛሬ ማየቴ ነው አለ። ሰው እንዲስቅብኝ ለምጃለሁ፤ ሦስተኛ ክፍል ሳልጨርስ ነው ከትምህርት ቤት የወጣሁት፣ የሚስቅብኝ አጥቼ አላውቅም። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ጸሎተ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ከድስቱ የመጀመሪያውን ጭልፋ በጠርሙስ ሞልቼ የምወስደው ለኪሪኮና ለሚስቱ ለዜኔይዳ ነው። የልጃቸውን ክርስትና ያነሳሁ እኔ ነኝ፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ አንድ ዓመት ዘልዬ አላውቅም። ዛሬም ፀሐይ ሳትጠልቅ እዚያ በር ላይ መቆም አለብኝ። ሰውዬው ቤቱ ቁጭ ብሎ መናገር አቅቶት፣ የገዛ ድምፁ ግን በከተማው ሁሉ የእኔን ቦሎቄ እየሸጠ ነው። ማን ፈቅዶ? በየት በኩል አልፌ፣ በየትኛው ዓይኔ ነው የማየው? ሰፈሬ ስደርስ ከታክሲው ወርጄ የኮኮነቱን ከረጢት ረስቼ ሄድኩ፤ ያቺው ባለጥፍር ልጅ ናት ጠርታ የሰጠችኝ።

ቤቴ ፊት ለፊት ዕቃ የሚያደርሱ አራት ባለሞተሮች ቆመዋል። በሌላ ቀን በመስኮቱ ብረት መሐል አንድ ሁለት ሰው ነበር ኩባያ የሚቀበለኝ፤ ትንሿ መቶ ፔሶ፣ ትልቋ ሁለት መቶ ሃምሳ። የእህቴ ልጅ ዪሰል የምግብ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ጎትታ፣ ላብ በላብ ሆና፣ በአንድ እጇ ኩባያ እየከደነች በሌላው ስልኳን ትነካካለች። ስልኩ እንደታመመ ሕፃን ዝም አይልም። ገና በሩን ስገባ፣ አክስቴ፣ ከወንዝ ማዶ ታዘዝን፣ የጋሽ ኪሪኮ መኪና ረግጦት ከማያውቅ ሰፈር ሁሉ ታዘዝን፣ ሁለተኛውን ድስት ጣጂው አለችኝ። ፊቷ እንዲህ በርቶ ካየሁት ስንት ጊዜዬ። ያን ፊት እያየሁ መቆጣት አስቸገረኝ። ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀምጬ አየኋት፤ ክዳን የያዘ እጇ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ የሚጮህልኝ አልነበረም። የኪሪኮ ፒክአፕ ጎማዋ ተንፍሶ ግቢው ውስጥ ቆማለች፣ ሞንታርቦዎቹ ላይ ዶሮ ያድርባቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ዓርቦች ግማሽ ድስት ተረፈኝ። የኮኮነት ወተት ያለበት ነገር አያድርም፣ ለጎረቤት አድዬ የቀረውን ደፋሁት። በዚያ ላይ ይሄ ምግብ በኛ አገር በሁዳዴ በየቤቱ የሚሠራ፣ ጎረቤት ለጎረቤት በነፃ የሚቀባበለው ነው። እሱን ሰው ገንዘብ አውጥቶ እንዲገዛ ማስታወስ አለብህ፣ ማስጎምጀት አለብህ። ዪሰል ቅዳሜ ቅዳሜ የዲጂታል ማርኬቲንግ ኮርስ ትማራለች፤ ማታ ማታ እግሬን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ ሳለሁ ታስተምረኝ ነበር። ሞንታርቦ የሚሰማው ያለፈበት መንገድ ብቻ ነው፣ ቤንዚን ይበላል፣ ማን ሰምቶ ማን እንደገዛ አይታወቅም ትላለች። ስልኩ ግን ስንት ሰው እንዳየው፣ ሴት ይሁን ወንድ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ ሰፈሩ የት እንደሆነ ይነግርሻል። እኔ ደግሞ ኪሪኮም ይነግረኝ ነበር እላታለሁ። ማታ መኪናውን አቁሞ፣ ባለ አረንጓዴ በሯ ሴትዮ መስኮቷን ከፍታ ሰማች ግን ባሏ ሥራ ፈቷል፣ አንድ ኩባያ ላኪላት ይለኝ ነበር። ስልክሽ ይሄንን ያውቃል? ሐዘን ቤት ሲደርስ የድምፁን ቁልፍ በእጁ አዙሮ ቀንሶ በቀስታ የሚያልፈውስ? ጸሎተ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሞንታርቦዎቹን አፍ በጆንያ አስሮ፣ ትንሣኤ እስኪቃረብ የማይፈታው? ስቅለት ዕለት መዶሻ እንኳ በማይነሳበት አገር ድምፅ አላወጣም ብሎ ስንቱን ነጋዴ የመለሰ ሰው ነው። ዪሰል ይሄን ሁሉ ሰምታ፣ ልክ ነሽ አክስቴ፣ ግን ጋሽ ኪሪኮ አሁን አይችሉም ትለኛለች። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ወሬያችን ይቆማል።

እሷም ብትሆን አልቀናትም ነበር። ድስቱን በሙዚቃ ቀርጻ ለጠፈችው፤ ሰው አየውና አለፈ። ረቡዕ ማታ መሳቢያዬን ስትበረብር ፍላሹን አገኘችው። ኪሪኮ መኪናዬ አንድ ቀን ብትሰረቅ እያለ ድምፁን ገልብጦ ያስቀመጠልኝ ነው። የአሮጌ ድስቴን ሥዕል ከሱ ድምፅ ጋር አጋጥማ ለቀቀችው። ሌሊቱን ሰው ለሰው እየተቀባበለው አደረ።

«ማንን ጠየቅሽ?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ድምፁን።»

«አክስቴ፣ ከፍለንበታል እኮ። በየዓመቱ ከፍለናቸዋል።»

የከፈልነው ለቤንዚኑና ለቀኑ ነው፣ ጉሮሮ ሲሸጥ አላየሁም አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን እሷም የኔው ሥጋ ናት፣ ግትር ናት። ስልኩን ፊቴ ላይ ዘረጋችና ላጥፋው ወይ አለችኝ። በይ አጥፊው በይኝና አሁን፣ እነዚህ ሰዎች ሳይሄዱ ላጥፋው። ስልኩ በመሐላችን ሁለቴ ጮኸ። በመስኮቱ አንዱ ባለሞተር፣ እመቤቶች ፀሐዩ ገደለኝ አለ። ድስቱን አየሁት። ግማሹ ሄዷል፣ ዓርብ ዓርብ ይተርፍ የነበረው ግማሽ። ለስቅለት የሚሆነው ቦሎቄ ደግሞ በሁለት ባልዲ ተዘፍዝፏል። አጥፊው አላልኩም። አታጥፊውም አላልኩም። ሻሼን አጥብቄ ኮኮነት መስበር ጀመርኩ።

ያን ቀን የሠራሁትን ሥራ እጄ ነው የሠራው፣ እኔ አልነበርኩም። ልክ የተቀቀለውን ቦሎቄ መፍጨት ስንጀምር መብራት ሄደ፤ በወንፊት እየጨፈለቅን አወረድነው። ስኳር ድንቹን ከትፌ፣ ቅርንፉዱን በጨርቅ ቋጥሬ፣ ወተቱን ጨምሬ አማስላለሁ፣ በየመሐሉ ግን ጆሮዬ መንገድ ላይ ነው። የበሩ ብረት በተንኳኳ ቁጥር ዜኔይዳ መጣች እላለሁ። ደውላ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በየዓመቱ በዚህ ቀን፣ አንቺ ገብጋባ ጠርሙሴ ገና ነው ወይ ብላ ሳትቀልድብኝ ቀርታ አታውቅም፤ ዛሬ አልደወለችም። ኩባያ ሲያልቅ ዪሰል ባዶውን ካርቶን በእግሯ ትገፋልኛለች፣ እኔም ሌላ አወርድላታለሁ። አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሴት ከሩቅ ሰፈር ሁለት አውቶቡስ ቀይራ መጣች። ኩባያዋን ከተቀበለች በኋላ አልሄደችም። ሰውየው የት ነው፣ ድምፁ የሞተውን አባቴን ይመስለኛል፣ ላየው ነው የመጣሁት አለችኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ዛሬ የለም አልኳት። ዪሰል ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወዲያ አንገቷን ደፍታ ሠራች።

ሌላም በደል ነበር፤ ያቺ የመጀመሪያ ጭልፋ። እኔ ገበያ ሳለሁ ዪሰል ለባለሞተሮች ቀድታ ሸጣታለች። ሰው ትንሽ ነገር ነው ይል ይሆናል። ለኔ ግን ሙሽራዋን ትቶ ለአዳሚው መጋበዝ ነበር። ስለዚህ ምን አደረግሁ፣ ሰው በሩ ላይ እየጮኸ ትንሿን ድስት አውጥቼ ለነሱ ብቻ አዲስ ሠራሁ። የኪሪኮን ዘንድሮ ሁለቴ አጠለልኩት፤ የሚውጠው ቀጭን ነገር ብቻ ነው ብላኛለች ዜኔይዳ፣ ሆስፒታል እያለ። ዘቢቡንም አልጨመርኩለትም። ዪሰል ሰዓቷን እያየች፣ አክስቴ በሞተር ልላክላቸው፣ አንቺ ደክሞሻል፣ በአንድ አፍታ ይደርሳል አለችኝ። ከደጄ የወጣ ዕቃ በባለሞተር ለአበልጅ ሲላክ ያየ አለ?

ፀሐይ ማዘንበል ስትጀምር ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን አቅፌ ወጣሁ። ከኔ በረዶ እየተሠራ እስከሚሸጥበት እስከ በረዶ ቤቱ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚቋረጠው፤ ያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ። ሰፈሩ ለበዓሉ ዝም ማለት ጀምሯል፣ ሱቁም ሙዚቃውን ዘግቷል። ዝም ስላለ ነው መሰለኝ በየበረንዳው ያለው ስልክ ሁሉ ይሰማል። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ኪሪኮ ተናገረ። ዶሚኖ የሚጫወቱት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ኪሪኮ ተናገረ። እኔ ስደርስ አጥፍተው በዓይናቸው ሸኙኝ፤ አንዱ ብቻ፣ ቲላ አንቺ እኮ ሰውየውን ከመቃብር አስነሳሽው፣ ገና ሳይገባበት አለኝ። ሌሎቹ በክርናቸው ጎሸሙት። ጠርሙሱ በፎጣው ውስጥ ደረቴን ያቃጥለኛል። ብመለስስ አልኩ። ነገ ብመጣስ? ነገ ስቅለት ነው፣ በስቅለት ይቅርታ የሚከለክል የለም። ደግሞ መልሼ፣ ዛሬ ያልሄደ እግር ነገም ሰበብ አያጣም ብዬ ቀጠልኩ።

ኪሪኮ በሩ ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጧል። አንገቱ ላይ ያለችውን ቀዳዳ የምትከልለውን ነጭ ጨርቅ ዛሬ ዜኔይዳ ተኩሳለታለች። የሚስቱ ስልክ ጭኑ ላይ ነው። ሲያየኝ እንደ ወትሮው እጁን አላነሳልኝም። ዜኔይዳ ከውስጥ መጥታ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ግቢ አላለችኝም።

«ዘንድሮ በስልክ ትልኪልናለሽ ብዬ ነበር» አለች።

እንደምን ዋላችሁ አልኩ። እንደምታይን ነን አለች። ጠርሙሱን ዘረጋሁላት፣ እጇን አልዘረጋችም። ፎጣውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ልጅቷ ናት እንዳልል አፌ እምቢ አለኝ፤ አጥፊው ልላት እየቻልኩ ድስቱን አይቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ሳልጠይቃችሁ ሆነ፣ ጠዋት ከሰው ስልክ ሰማሁት፣ ማጥፋት ነበረብኝ አላጠፋሁም አልኩ። ኪሪኮ ወደ መሬት አየ። የበረዶ ቤቱ ሞተር ከግድግዳው ወዲያ ያጉረመርማል፤ ዜኔይዳ ስትናገር ድምጿ ከሱ በታች ነበር።

«ጠዋት ገላዬን እየታጠብኩ ነው። ከደጅ ድምፁን ሰማሁት። ሴቶች ውጡ ሲል። ቲላ፣ ተናገረ ብዬ እኮ ነው የወጣሁት። ፀጉሬ ላይ ሳሙና እንዳለ፣ ፎጣ ይዤ፣ ወለሉ አዳልጦኝ ልወድቅ። እሱ እዚችው ወንበር ላይ ቁጭ ብሏል። አፉ ዝግ ነው። ጎረቤት ናት በስልኳ የከፈተችው። እየሮጥኩ ስመጣ ያየኝ አስተያየት…» አለችና ተወችው።

የቆምኩበት መሬት ቢከፈት እገባ ነበር። ኪሪኮ ነው ወንበሩን በጣቱ ያንኳኳው፤ ስሙኝ ሲል እንዲያ ያደርጋል። ስልኩን አንስቶ የኔን ቦሎቄ ከፈተው። ድምፁ ወጣ፣ ያ ወፍራም ሳቅ ሳቅ የሚለው ድምፅ፣ «ያማረው ይምጣ፣ የተጣላም ይምጣ» ብሎ አበቃ። ኪሪኮ አንድ ጣቱን ወደ ላይ አቁሞ ጠበቀ። ምንም አልመጣም። እንደገና ከፈተው፣ መጨረሻው ላይ ያንኑ ጣት አቆመ፣ ጆሮውን ወደ ስልኩ አዘነበለ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ገባኝ። ጠዋት ታክሲ ውስጥም ጆሮዬ ሳያውቀው ይጠብቃት የነበረች ነገር ናት። ኪሪኮ ማንኛውንም ማስታወቂያ፣ የሞተ ሰውም ቢሆን፣ የሚዘጋው በዚያች ነበር፦ «ይህን ያላችሁ ኪሪኮ ነው፤ ቪያ ሁዋና፣ በረዶ ቤቱ አጠገብ።» ዪሰል ቆርጣታለች።

«ከጠዋት ጀምሮ ይሄንኑ ነው የሚያደርገው» አለች ዜኔይዳ። «ሸጡበት ብሎ አልከፋውም። ስሙን ነው የሚፈልገው። ሰዉ ማሽን ነው እያለ ነው አሉ።»

እዚያው በራቸው ላይ ቆሜ ለዪሰል ደወልኩ። ስሙን ለምን ቆረጥሽው አልኳት። ሰው አድራሻውን ሰምቶ እኛን ትቶ በረዶ ቤት እንዳይሄድ ብዬ ነው፣ ደግሞ አጭር ሲሆን ነው ሰው እስከ መጨረሻው የሚያየው አለች፤ ክፋት አልነበረባትም። ፍላሹ ላይ ሙሉው አለ፣ አሁኑኑ ስሙን መልሼ እለጥፈዋለሁ አለች። ይሄን ለኪሪኮ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ግን ተነሳ። ግቢው ውስጥ ወደ ቆመችው ፒክአፕ ሄዶ ከጣሪያዋ ላይ ያሉትን ሞንታርቦዎች አሳየኝ፣ ከመኪናዋ ጀርባም ሁለት ጆንያና ገመድ አወጣ። ጆንያውን አነሳና አፉን በመዳፉ ሸፈነ። ነገ ስቅለት ነው ማለቱ ነው። ድምፄ ነገም ሊዞር ነው ወይ ማለቱ ነው።

ዪሰል መስመሩ ላይ ነበረች። ነገ ደግሞ እንድታቆመው ነገርኳት። ከስልኩ ውስጥ ኩባያ ሲከደን ይሰማኛል። ለነገ የዘፈዘፍነው ሁለት ባልዲስ አለች። እሱን እኛ እንበላዋለን አልኳት። እኔ የለጠፍኩትን አቆማለሁ አለች።

«ሰው ወስዶ የራሱ ያደረገውን ግን አልችልም፣ አክስቴ። ከእጄ ወጥቷል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉት ነገር ይሄ ነው። መዋሸት እችል ነበር፤ ሰውየው የስልክን ነገር ጠንቅቆ አያውቅም፣ ሁሉም ይጠፋል ብለው ያምነኝ ነበር። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት እውነቱን ሲነግረኝ የኖረ ሰው ነው። ነገ ከፊሉ ይዞራል፣ ማቆም አልቻልንም ብዬ ነገርኩት። ኪሪኮ ጆንያውን እንደያዘ ቆመ። በዕድሜው የስቅለትን ቀን ሠርቶ አያውቅም። ነገ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሠራ ነው፣ እሱ ግን ቤቱ ተቀምጦ። ፊቱን ማየት አቅቶኝ ጠርሙሱን ደረጃው ላይ አስቀመጥኩና የገመዱን ጫፍ ያዝኩለት።

ከጥቅምት ወዲህ ምንም ያልተነፈሱትን ሞንታርቦዎች እንደ ልማዱ አፋቸውን አሰርናቸው። ጎማዋ የተነፈሰ መኪና ላይ ወጥቶ፣ ዶሮዎቹን በእርጋታ ገፋ ገፋ አድርጎ፣ የመጀመሪያውን አለበሰው። እኔ ከታች ገመዱን አጥብቄ ሰጠሁት። ሁለተኛውን ሊያለብስ ሲያጎነብስ ከማዶው ፎቅ ከአንድ መስኮት ድምፁ መጣ። ሴቶች፣ ድስታችሁን ይዛችሁ ውጡ። ኪሪኮ ቀና አለ። ቀኝ እጁ በአየር ላይ ዞር አለች፣ ሐዘን ቤት ሲደርስ ድምፅ እንደሚቀንስባት አዞራት፤ ከዚያ እጁን እንደማያውቃት አይቶ አወረዳት። ያማረው ይምጣ አለ መስኮቱ። የተጣላም ይምጣ። እዚያ ላይ ተቆርጦ ዝም አለ፤ ሦስታችንም ወደዚያች ባዶ ቦታ አንጋጠጥን።

ዜኔይዳ ከበሩ ወረደች። በጸሎተ ሐሙስ፣ ሰፈሩ ሁሉ ባጎነበሰበት ሰዓት፣ አንገቷን ወደ መስኮቱ አቅንታ ድምፅዋን ለቀቀችው።

«ይህን ያላችሁ ኪሪኮ ነው። ቪያ ሁዋና፣ በረዶ ቤቱ አጠገብ።»

መስኮቱ ላይ አንድ ሰው ብቅ ብሎ ቁልቁል አየን። ኪሪኮ ከላይ ሆኖ ሚስቱን ረጅም ጊዜ አያት፣ ከዚያም አጎንብሶ ቋጠሮውን አጠበቀ። ዜኔይዳ ጠርሙሱን ከደረጃው ላይ አነሳችና ክዳኑን ከፍታ አሸተተች።

«ዘቢቡስ?» አለችኝ።

«የሱ ነው» አልኩ። «ያንቺን ነገ አመጣለሁ።»